ዋጋ ለሥራው እንጂ ለሰውየው አይወጣም

ልጄ፣ በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቤት መክፈትህን ሰማሁ። እሰይ፣ ይቅናህ። ስለ ፊደል አጣጣልህ የምለው የለኝም፤ የምመክርህ ስለ ዋጋ ነው።

ደንበኛው ገብቶ ሳይቀመጥ ዋጋህን እወቅ። የመኪና ቁልፍ አይቶ የሚያንር፣ የተቀደደ ነጠላ አይቶ የሚያወርድ ባለሙያ ለጊዜው ያተርፍ ይሆናል። ከተማችን ግን ትንሽ ናት፤ ባለሆቴሉና ሻይ የምታፈላው እናት በገበያ ቀን ይገናኛሉ፣ የከፈሉትንም ይጠያየቃሉ።

አሠራሩን ከአገራችን ሸማኔ ተማር። የተፈተለ የበግ ፀጉር ይዞ ባና ለሚያሠራ ሰው ሸማኔው የሚጠይቀው የእጁን ነው። አንተም ዕቃና እጅ አትደባልቅ። ለምሳሌ ላሜራው፣ ቱቦላሬው፣ አንቲረስቱና ቀለሙ 3,600 ብር ቢፈጁ፣ የሁለት ቀን እጅህ 1,400፣ ማጓጓዣና መስቀያው 600፣ የቤት ኪራይና መብራት ድርሻው 400 ቢሆን፣ ወጪህ 6,000 ነው። አንድ አሥረኛ ትርፍ ጨምረህ 6,600 በል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገብክ 15 በመቶው፣ 990 ብር፣ የመንግሥት ነው፤ ከትርፍህ አትቁጠረው።

ያንተ ዕቃ ግን ከመንዝ በግ አይሸለትም፤ አብዛኛው ከባሕር ማዶ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። በሰኔ ዋጋ ተዋውሎ በነሐሴ ዕቃ የሚገዛ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል። ስለዚህ ዋጋ ስትሰጥ እስከ መቼ እንደሚጸና ጻፍበት።

ቀብድ ሳትቀበል ብሩሽ አታንሳ። የአንድ ሰው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ለሌላ አይሸጥም፤ ቀብዱ ቢያንስ የዕቃውን ዋጋ ይሸፍንልህ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ለማታደርሰው ሥራ እጅህን አትዘርጋ ማለት ነው።

ናሙናውን አሳይተህ አስፈርም። ከፈረመ በኋላ ጽሑፍ ቢያስለውጥ ጭማሪውን ይክፈል፤ ፊደል የሳትከው አንተ ከሆንክ ግን ቀለሙም ድካሙም በአንተ ነው።

«ደብረ ብርሃን ባነር በርካሽ አሳትማለሁ» የሚልህ ሰው ይኖራል። ለምረቃ ወይም ለአንድ ቀን በዓል ከሆነ «እውነትህን ነው፣ ባነሩ ይበቃሃል» በለው። ዓመት ከዓመት ደጅ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የመንዝ ነፋስ ባነርን እንዴት እንደሚቀድ፣ ፀሐዩም ቀለሙን እንዴት እንደሚያነጣ ንገረው። እውነቱን የነገርከው ሰው ዛሬ ባይመለስ ሌላ ቀን ይመጣል።

ለዕድር፣ ለደብር ወይም ለተቸገረ ሰው ስትሠራ ቀንስ፣ ከፈለግህም በነፃ ሥራ። ግን ሙሉ ዋጋውን ከላይ፣ የቀነስከውን ከሥሩ ጻፍ። ሰውየው የተደረገለትን ያውቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም የተቀነሰውን እንደ መደበኛ ዋጋ ይዞ አይሟገትህም።

የቀነስከውን ደግሞ ከሌላው ደንበኛ ላይ አትልቀመው። ቸርነቱ ካንተ ትርፍ ይውጣ፤ ትርፍህ የማይችለው ከሆነ «አልችልም» ማለት ነውር የለውም።