ከተካይና ከጠባቂ ማን ይበልጣል?

ክረምት ሲገባ በየመንደሩና በየቤቱ ጓሮ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ችግኝ ይተከላል፤ ተካዩም እጁን ታጥቦ በደስታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በክረምት የተተከለውን ሁሉ በበጋ ወጥተን ብንቆጥረው ቍጥሩ እንደ ነበረ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፤ ይኸውም፥ ምስጋና የሚገባው ለተከለው ነውን ወይስ ለጠበቀው? ነገሩ ስለ አትክልት ብቻ የተጠየቀ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ልጅ ለሚያሳድግ፥ ማኅበር ለሚያቋቁም፥ ለባልንጀራው ቃል ለሚገባ ሁሉ የሚደርስ ጥያቄ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው፥ አዳም በገነት በተቀመጠ ጊዜ የተሰጠው ሥራ ሁለት ነበር፤ አንዱ ማበጀት፥ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። ገነቲቱን የተከላት ግን አዳም አልነበረም። እንግዲህ የሰው የመጀመሪያ ሥራው እርሱ ያልተከለውን መጠበቅ ነበረ ማለት ነው። ይህን በልባችን ይዘን፥ በአገራችን የዘመን አቈጣጠር ዓመቱ የሚከፈልባቸውን አራቱን ወቅቶች እየተከተልን የቤት አትክልትን ሥራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ክረምት ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ አትክልተኛ ይመስላል፤ የሚያጠጣው ሰማይ ነውና። ሆኖም ጠባቂ የሆነ ሰው በክረምትም ሥራ አይፈታም። ችግኙን ካደገበት የላስቲክ ከረጢት ሳያወጣ አይተክለውም፤ ከነከረጢቱ የተተከለ እንደ ሆነ ሥሩ መስፋፊያ አጥቶ ይታፈናልና። ውኃ በሚቋጥር መሬት ላይም ቦይ ያወጣል፤ ሥር በድርቀት እንደሚሞት ሁሉ በውኃ ብዛትም ይበሰብሳልና። በተካይና በጠባቂ መካከል ያለው ልዩነት ከዚሁ ከመጀመሪያው ቀን ይታያል፤ አንዱ ስለ ተከላው ቀን ያስባል፥ ሌላው ስለሚመጣው ዓመት ያስባል።

ሁለተኛው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ከዚህም ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ይባላል። ሜዳው አበባ ለብሶ፥ ጓሮው አምሮ የሚታይበት፥ እንግዳም ገብቶ የሚያደንቅበት ወቅት ነው። ምስጋናው ግን ብዙ ጊዜ ያዘናጋል። አትክልቱ በጠገበበት ዝናብ አረሙም ጠግቧል፤ ዘሩን ሳይጥል ካልታረመ ለከርሞ እጥፍ ሆኖ ይበቅላል። አፈሩም እርጥበቱ ሳያልቅ ሊኮተኮትና በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ ሊሸፈን ይገባዋል፤ ይህም የፀሐይ ሙቀት ውኃውን እንዳይወስደው ነው። በደጋ አገር ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ፥ ለጋው ቡቃያ በሣር ወይም በጆንያ ይከለላል። በደስታው ቀን የችግሩን ቀን የሚያስብ እርሱ ጠባቂ ይባላል።

ሦስተኛው ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ሐጋይ፥ በተለምዶ በጋ የምንለው ነው። ፍቅራችን የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። አበባው ረግፏል፤ የሚያደንቅ እንግዳ የለም፤ ተክሉም ለድካማችን የሚመልስልን አንዳች ነገር የለውም። ማጠጣቱም ራሱ እውቀት ይፈልጋል። በቀትር የፈሰሰ ውኃ ብዙው ተንኖ ስለሚቀር ማለዳ ወይም ማታ ማጠጣት ይገባል። በየቀኑ ላይ ላዩን ጥቂት ውኃ ከመርጨትም፥ ቀን እያሳለፉ እስከ ሥሩ ድረስ ማጠጣት ይሻላል። ላይ ላዩን መጠጣት የለመደ ተክል ሥሩን ወደ ታች አይሰድምና ጥቂት ቀን የተረሳ እንደ ሆነ ይጠወልጋል፤ በጥልቀት የጠጣው ግን ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ስለሚወርድ ድርቁን ይችላል።

አራተኛው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ፀደይ ነው። በዚህ ጊዜ ጠባቂው ፍግና ብስባሽ ያዘጋጃል፥ ለሚመጣው ክረምትም ጉድጓዱን አስቀድሞ ይቆፍራል። ደግሞም የደረቀ የሚመስለውን ሁሉ ለመንቀል አይቸኩልም። ቅርፊቱን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ያያል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ካገኘ ተክሉ ሕይወት አለውና የደረቀውን ቅርንጫፍ ገርዞ ይታገሠዋል። ከሰው መካከልም ሞቷል ተብሎ የተተወ፥ ነገር ግን ቀረብ ብሎ የመረመረው ወዳጅ ቢያገኝ ኖሮ የሚያቈጠቍጥ ስንት አለ!

እዚህ ላይ ከባድ ነገር ይነሣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፥ እናቶች ጀሪካን ይዘው በሚሰለፉበት ሰፈር፥ አንድ ሰው በአጥሩ ውስጥ ያለውን ሣር ለማለምለም ብሎ የሚጠጣውን ውኃ ከማለዳ እስከ ማታ ቢለቅቅ ጠባቂ ይባላልን? በገንዘቡ የገዛው ስለ ሆነ መብቱ ነው የሚል ይኖራል። በሕግ ምናልባት መብቱ ይሆናል። ነገር ግን ለሣር የሚራራ፥ ለሰው የማይራራ ልብ መጠበቅን አልተማረም፤ የተማረው የራሴ የሚለውን ነገር መውደድ ብቻ ነው። ጠባቂነት ከአጥር ውስጥ ይጀመራል እንጂ ከአጥር ውስጥ አያልቅም። አስተዋይ የሆነ ሰው በክረምት ከጣራው አሸንዳ የሚወርደውን ውኃ በበርሜል ያጠራቅማል፤ ጎመን የታጠበበትን ውኃ ወደ ፍሳሽ ከመድፋት ይልቅ ለተክሉ ያወርሰዋል፤ በሰፊው ሣር ፈንታም ድርቅ የሚችሉትን፥ እንደ ጤና አዳም፥ እንደ ጥብስ ቅጠልና እንደ እሬት ያሉትን ይመርጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ውኃው ባይበቃ ሣሩ ይድረቅ። ሣር ሥሩ ካልሞተ በሰኔ ዝናብ ይመለሳል፤ የጎረቤት ፍቅር ግን አንድ ጊዜ ከደረቀ በዝናብ አይመለስም።

ከቤታችን አጥር ወጥተን አገራችንን ብንመለከትም ነገሩ ያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ልብ ሆኖ መውጣቱ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን የዚያ ቀን ፍሬ የሚለካው በዚያው ቀን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በመጡት በጋዎች ነው። በሌላ በኩል በሰሜን ኢትዮጵያ፥ ይልቁንም በደቡብ ጎንደርና በጎጃም፥ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆመውን ደን እንመልከት። ጽዱን፥ ወይራውንና ዝግባውን ማን እንደ ተከለው የሚነገርለት ጥቂት ነው፤ ሰው ሳይተክለው በራሱ የበቀለም ብዙ ነው። ዛሬ ቆሞ የምናየው፥ ትውልድ ከትውልድ እየተቀበለ ምሣር እንዳያርፍበት ስለ ጠበቀው ነው። እንግዲህ ተካዩ ያልታወቀ ደን ጸንቶ ቆሟል፤ ሰው በበዛበትና መሬት በጠበበበት አገር ግን ጠባቂ ያጣ ደን አይጸናም።

«ተካይ ባይኖር ጠባቂ ምን ይጠብቅ ነበር?» ብሎ የሚከራከረን ሰው እውነት አለው። እኛም ተካዩን ልናሳንስ አልተነሣንም። ነገር ግን መትከል ቃል መግባት ነው፤ መጠበቅ ቃልን መፈጸም ነው። ቃል ገብቶ ያልፈጸመ ሰው፥ ምንም ቃል ካልገባው ይልቅ ዕዳ አለበት። ችግኝ ግን አንደበት የለውምና ለዳኛ አይከሰንም፤ ዝም ብሎ ይደርቃል። ወልደን ያልተመለከትነው ሕፃን፥ እንጠይቅሃለን ብለን የረሳነው አረጋዊ፥ በደስታ አቋቁመን የተውነው ማኅበርም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ዝም ብሎ ይደርቃል። ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፤ የተከለ መልካም አደረገ፤ የጠበቀ ግን ይበልጣል፤ ተክሎ የጠበቀ ከሁለቱም ይበልጣል።

በዚህ መካከል በየግቢው ተቀጥሮ የሚኮተኩተውንና ውኃ የሚያጠጣውን አትክልተኛ ልንዘነጋው አይገባንም። ባለቤቱ እንግዳ ባደነቀለት ጊዜ «እኔ የተከልሁት ነው» ይላል፤ በጋውን ያሳለፈው ግን ማን ነው? የጠባቂውን ደመወዝ በጊዜው መክፈልና በሰው ፊት በስሙ ማመስገን ራሱ ከአትክልት እንክብካቤ የሚቈጠር ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በሚመጣው ክረምት ችግኝ ለመውሰድ እጅህን በዘረጋህ ጊዜ አስቀድመህ አስብ። አሥር ተክሎ ዘጠኙን ከማድረቅ፥ ሁለት ተክሎ ሁለቱን ማሳደግ ይሻላል። በሐምሌ ስንት ልትተክል እንደምትችል ራስህን አትጠይቅ፤ በየካቲት ጎረቤትህን ሳታስጠማ ስንቱን ልታጠጣ እንደምትችል ጠይቅ፤ ያንንም ያህል ትከል።