መተውና መነፈግ

አሜሪካዊው የቤዝቦል ወርዋሪ ክሪስቲ ማቲውሰን እሑድ ኳስ አይወረውርም ነበር። እናቱ ሰባኪ እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበርና ቢያንስ ሰንበትን ላያፈርስ ቃል ገባላቸው። ተራ ተጫዋች አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1900 እስከ 1916 በቆየው የቤዝቦል ሕይወቱ 373 ድሎች ተመዝግበውለታል። ለኒውዮርክ ጃያንትስ በተሰለፈበት የ1905ቱ የሻምፒዮና ፍልሚያ፣ ወርልድ ሲሪስ፣ በስድስት ቀናት ውስጥ ሦስት ጨዋታ ሲወረውር፣ ተጋጣሚው በሦስቱም አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘም።

ይህ ሰው በሰንበት መቅረቱ ለምን ያስመሰግነዋል?

በኒውዮርክ የእሑድ ቤዝቦል እስከ 1919 በሕግ የተከለከለ ስለነበር፣ በገዛ ከተማው ቃሉን መጠበቅ አያስቸግረውም ነበር። የተፈተነው ቡድኑ እሑድ ወደሚጫወትባቸው ወደ ሴንት ሉዊስና ቺካጎ ሲጓዝ ነው። እዚያ ሜዳው ክፍት ነው፣ ተመልካቹም ይጠብቀዋል፤ እሱ ግን ይቀራል። በነሐሴ 1917 ደግሞ የሲንሲናቲ አሠልጣኝ ሆኖ እሑድ በኒውዮርክ ቡድኑን በማጫወቱ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ወሰኑን ያሰመረው ራሱ ነበር፤ ያሻሻለውም ራሱ ነው።

ካምፓላ ላይ የሆነው ከዚህ ይለያል። በ2011 የካምፓላው የሬቨረንድ ጆን ፋውንዴሽን የልጆች ቤዝቦል ቡድን ፖላንድ ኩትኖ ላይ የሳዑዲ ዓረቢያን ቡድን ረትቶ፣ አሜሪካ ዊሊያምስፖርት ለሚካሄደው የልጆች ሻምፒዮና፣ ለሊትል ሊግ ወርልድ ሲሪስ፣ አለፈ። ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ግን የልጆቹ የዕድሜ ሰነዶች አይጣጣሙም ብሎ ቪዛ ከለከላቸው። በቦታቸው የሄደው የተሸነፈው ቡድን ነው።

ማቲውሰንም ልጆቹም ሜዳ አልገቡም። የጾመኛና የተራበ ሰው ሆድ እኩል ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጾመኛው ግን የቀረበለትን ማዕድ ስለ አምላኩ የተወ ነው፣ ለተራበው የቀረበ ማዕድ የለም። ይህን ልዩነት የሚያደበዝዝ ስብከት አለ፤ ለተከለከለ ሰው «ለበጎ ነው፣ ፈቃዱ ነው» ይላል። ትዕግሥት ታላቅ ምግባር ነው። ሆኖም በሩን መክፈት የሚችል ሰው ደጅ ለቆመው ትዕግሥትን ሲሰብክ፣ የራሱን ግዴታ በእግዚአብሔር ላይ መጫኑ ነው።

የተነፈገ ሰው ታዲያ ምግባር የለውም? አለው፤ የሚታየውም በቀረችው ምርጫ በሚሠራው ነው። የካምፓላ ልጆች ልምምዳቸውን ቀጠሉ። በዊሊያምስፖርት ሊገጥማቸው የነበረው የካናዳው የላንግሊ ቡድንም ከሩቅ አይዟችሁ ብሎ አልቀረም፤ በጥር 2012 ዩጋንዳ ድረስ መጥቶ ያመለጣቸውን ጨዋታ አብሯቸው ተጫወተ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ከካምፓላ በስተምሥራቅ የምትገኘው የሉጋዚ ልጆች ዊሊያምስፖርት ደረሱ፤ የኦሪገኑን ግሬሻም 3 ለ 2 አሸነፉ። በ2022 ቤን ሴሩንኩማና ኡመር ማሌ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ፣ በ2023 ደግሞ ወርዋሪው ዴቪድ ማቶማ ለፒትስበርግ ፓይሬትስ ፈረሙ። ከእንግዲህ አንድ ዩጋንዳዊ ወርዋሪ ስለ እሑድ ቅዳሴው ወይም ስለ ዓርብ ጸሎቱ «ዛሬ አልወረውርም» ቢል፣ ደመወዙንና ቦታውን እያወቀ አስይዞ ነው፤ አሠልጣኙም የማቲውሰን አሠልጣኝ ያደርግ እንደነበረው ለዚያ ቀን ሌላ ወርዋሪ ይፈልጋል።