ነርስ ለሆነችው ልጃችን

ልጄ፣ ጎንደር ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን ክፍል መመደብሽን ሰማሁ፤ እሰይ! ከእስቴም፣ ከስማዳም፣ ከጋይንትም የሚመጣው ሕመምተኛ አንቺን ሲያገኝ አገሩን ያገኘ ያህል ነው። መድኃኒቱን ሐኪሞቹ ያውቁታል፤ እኔ የምመክርሽ ስለ ሰው ሆድ ነው።

ዘመዶች በር ላይ ይዘውሽ «እባክሽ ካንሰር ነው እንዳትይው፣ ይሰበርብናል» ይሉሻል። ክፋት የለባቸውም። ሕመምተኛው ግን ሹክሹክታውን እየሰማ ብቻውን ይብሰለሰላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለደባቂ ቤተሰብም ነው። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ አንደበቱ የታረመ ሽማግሌ ሳይቀመጥ አይነገርም። አንቺም ከሐኪሙ ጋር ተማከሪ፤ ሕመምተኛው የሚወደው ሰው አጠገቡ ይሁን፤ መጀመሪያ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለሽ ጠይቂው። አልፈልግም ካለ አታስገድጂው። ከጠየቀሽ ግን አትዋሺው፤ አንዴ ከዋሸሽው መርፌ ስትወጊው እንኳ አያምንሽም።

ስለ ጠጉር ደግሞ ልንገርሽ። ለእኛ አገር ሴት ጠጉር መላጨት የሐዘን ምልክት ነው። ኬሞቴራፒው ጠጉሯን ሲያረግፈው በቁሟ የራሷን ለቅሶ የተቀመጠች ይመስላታል። ሳይረግፍ በፊት ንገሪያት፤ ሕክምናው ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ እንደሚበቅልም አስረጂያት። ሻሿን ስታስር አብረሻት ቁጭ በይ።

ወንዱ «ጎበዝ አያቃስትም» ተብሎ ስላደገ ስቃዩን ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል። እስኪነግርሽ አትጠብቂ፤ ጠይቂው፤ ለሐኪሙም ንገሪለት። አዲስ አበባ ያለውን ሆስፒስ ኢትዮጵያን በፈረንጆቹ 2003 ያቋቋሙት ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እንዳንቺው ነርስ ናቸው፤ ሥራቸውም ስቃይን ማስታገስና ሕመምተኛውን ከነቤተሰቡ ማጽናናት ነው።

«ጸበሉ ይሻላል ወይስ ሐኪሙ» እያልሽ ማንንም አታከራክሪ። ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ቀጠሮውንም ያክብር። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ነውና መድኃኒት ስትሰጪ ፊትሽ ይፈታ፤ የሕመምተኛውንም ስም ጥሪ፣ በአልጋ ቁጥር አትጥሪው።

ለራስሽም እዘኚ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ የምታስታምሚው ሰው ሲያልፍ ከባልደረቦችሽ ጋር አልቅሺ፣ በሆድሽ አትያዥው።

ሕመምተኛው በኬሞው መካከል ለሳምንታት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጭንቀቱም ስቃዩም ያኔ ሊብስበት ይችላል፤ ጎንደር ደግሞ ሩቅ ነው። ስለዚህ ስታሰናብቺው፣ የእስቴ ሰው ከሆነ እዚያው መካነ ኢየሱስ ሆስፒታል ላሉት ነርሶች እንዲከታተሉት ደውዪላቸው።