የእናት ተዝካር በምን ይፈጸማል?

ምእመናን ሆይ፤ ዕድሜ ጠግባ፣ ልጅና የልጅ ልጅ አይታ፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብላ ወደ ፈጣሪዋ የምትሄድ እናት ለቤቷም ለቤተ ክርስቲያንም በረከት ናት። እንዲህ ያለችው እናት ስታርፍ ኀዘኑ ከምስጋና ጋራ የተቀላቀለ ነው፤ መከሩ ደርሶ የታጨደ እንጂ በእሸትነቱ የተቀጨ አይደለምና። ነገር ግን ከልቅሶው በኋላ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እናቲቱ ዘመኗን ሁሉ ስትጠብቀው የኖረችውን ሃይማኖት ከእንግዲህ ወዲህ በዚያ ቤት የሚጠብቀው ማን ነው? የሚለው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ያረፉትን በሣልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በዓመት ታስባለች። በእነዚህ ዕለታት ፍትሐት ይደረጋል፤ መሥዋዕት ይቀርባል፤ ድኻም ይመገባል። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ሥርዓት ስለ ሆነ ተዝካርን የምንነቅፍ አይደለንም። የምንነቅፈው ተዝካሩ በድግሱ ተጀምሮ በድግሱ የሚያልቅ የሆነ እንደ ሆነ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሁለተኛውን መልእክት ሲጽፍ የዚህን ደቀ መዝሙር እምነት ካመሰገነ በኋላ ምንጩን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ይቈጥራል። የጢሞቴዎስ አባት የግሪክ ሰው ነበረ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ግን ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሎይድ በአደባባይ ሰበከች ወይም ታላቅ ሕንፃ አሠራች የሚል አልተጻፈም፤ የተጻፈላት እምነቷ በልጇና በልጅ ልጇ መገኘቱ ብቻ ነው። ይህም አንድ ነገር ስሟን እስከ ዛሬ ሲያስጠራው ይኖራል።

ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ ሆኖ የሚቈጠረው ቅዱስ ባስልዮስም አያቱ ማክሪና ነበረች። በስደት ዘመን ይህች ሴት ከባሏ ጋራ ሰባት ዓመት ያህል በጳንጦስ ተራራና ዱር ተሰዳ ኖራለች። የኒዮቂሣርያውን ኤጲስ ቆጶስ የጎርጎርዮስን ትምህርት በቃሏ ይዛ ለልጅ ልጆቿ አስተማረች። ባስልዮስ በአቴና የተማረ ታላቅ ሊቅ ነበረ፤ ሆኖም በኋላ ዘመን ጠላቶቹ በሃይማኖቱ በከሰሱት ጊዜ የተማረበትን ትምህርት ቤት ምስክር አድርጎ አልጠራም፤ ያሳደገችውን አያቱን ማክሪናን ጠራ እንጂ። እንግዲህ ካህኑ በመቅደስ ቆሞ ቅዳሴ ባስልዮስን በሚቀድስበት ጊዜ፣ ለዚያ ሊቅ የመጀመሪያዪቱ መምህርት አንዲት ባልቴት እንደ ነበረች ያስብ።

በቅርቡ ዘጠና ዓመት አልፏቸው ያረፉ አንዲት እናት አርባቸው በሚወጣበት ቤት ተገኝተን ነበር። እኒህ እናት ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን የየዕለቱን ውዳሴ ማርያም ከካህናት አፍ በመስማት ብቻ አጥንተውት ነበር። ረቡዕንና ዓርብን ሳይሽሩ፣ በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ ሳያስታጕሉ ኖሩ። ማታ ማታም የልጅ ልጆቻቸውን በመደባቸው ዙሪያ ሰብስበው ከአቡነ ዘበሰማያት ጀምሮ ያስደግሟቸው ነበር። በተዝካሩ ቀን ሰንጋው ታርዶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ ነበር፤ ባሕር ማዶ የሚኖረው ልጃቸውም ለዚሁ ብዙ ገንዘብ ልኮ ነበር።

ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ልጆቹ ስለ ቤቱና ስለ ዕቃው ሲነጋገሩ ሰማን። «የእናታችሁንስ የማኅበር ጽዋ ማን ይረከባል?» ብለን ብንጠይቃቸው ሁሉም ዝም አሉ። በዚህ መካከል ባሕር ማዶ ያለው ልጅ በስልክ ደወለ፤ ስለ ድግሱ ከጠየቀም በኋላ፤ «እማዬ ማታ ማታ ታስደግመን የነበረውን ጸሎት ልጄን ላስተምር ብዬ ብጀምር መካከሉ ላይ ጠፋኝ፤ ከእናንተ የሚያውቀው አለ?» አለ። ታላላቆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የዐሥራ ሁለት ዓመቷ የልጅ ልጅ ግን ስልኩን ተቀብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገመችለት። ከወዲያ ማዶ የሚሰማው ልቅሶ ብቻ ነበር።

እኛም ካህናቱ አፈርን፤ ጸበል ጸዲቁን ቀምሰን ለመሄድ ተነሥተን ነበርና። ተመልሰን ተቀመጥን፤ ከዚያች ልጅ ጋራም ቤተሰቡ ሁሉ የማታውን ጸሎት አደረሰ። የጽዋው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ድረስ መልስ አላገኘም።

ስለዚህ እናንተ ልጆች፤ የእናታችሁን ርስት ስትካፈሉ ጾሟንና ጸሎቷን ያለ ወራሽ አታስቀሩት። መሬት ቢከፋፈል ድርሻው ያንሳል፤ ሃይማኖት ግን ለሁሉም ቢደርስ ለእያንዳንዱ ሙሉ ነው። ዛሬ እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካለች ደግሞ ሳትደክም አጠገቧ ተቀምጣችሁ ስሟት፤ ልጆቻችሁንም ወደ እርሷ አቅርቡ። እኛም ካህናት በተዝካር ቤት ስንገኝ ሟቹን አመስግነን ብቻ አንመለስ፤ የሟቹን ሥራ የሚይዘው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ሕፃናቱንም እናስተምር።

ለድኻ የተሰጠው እንጀራ በእግዚአብሔር ፊት አይጠፋም። የእናት ተዝካር ግን የሚፈጸመው ድንኳኑ በሚነሣበት ቀን አይደለም፤ እርሷ ትጸልይበት በነበረው ስፍራ ሌላ ሰው ለጸሎት በሚቆምበት ማታ ነው። አምላካችን ያረፉትን እናቶቻችንን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋራ ያኑርልን፤ እኛንም የሃይማኖታቸው ወራሾች ያድርገን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።