በመርዳትና በመተካት መካከል

አንድ ሰው ሌላውን ሲረዳ፣ እርዳታው ከየት ላይ ሲደርስ ነው የተረጂውን ድርሻ መውሰድ የሚሆነው? ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ጥያቄ ይመስላል። እኔን ያገኘኝ ግን በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሳይሆን እዚሁ ኢስት ዮርክ፣ ከአንድ ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ አሮጌ ኮምፒዩተሮች በተደረደሩበት የማኅበረሰብ ክፍል ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጎልማሶችና አረጋውያን እየመጡ ይማሩበታል፤ እኔም ከሁለት ዓመት ወዲህ ከፈቃደኞቹ አንዱ ነኝ።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንዲት እማሆይ መጡ። ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ያለፈ፣ ዳዊት የሚደግሙ፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው። ምን መማር እንደሚፈልጉ ስንጠይቃቸው «የሐኪም ቤቱን ወረቀት ራሴ መክፈት» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ምክንያቱን የነገሩን ቆይተው ነው። በዚህ አገር የምርመራ ውጤት አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛው ሐኪሙ ዘንድ ሳይቀርብ በኮምፒዩተር ይደርሰዋል። የእርሳቸውን የምትከፍትላቸው የዐሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት፤ የይለፍ ቃሉን የምታውቀውም፣ እንግሊዝኛውን የምታነበውም እርሷ ናትና። አንድ ቀን ልጅቱ ከፍታ አነበበችና «ደኅና ነው» ብላ ዘጋችው። ደኅና አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን የበሽታ ስም በልቧ ይዛ፣ ምግብ እየተወች፣ ትምህርት ቤት ተመላለሰች። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ ስልክ ደወለ።

«በሽታውንስ አልፈራሁትም፤ እርሱ ያውቃል። ያችን ሕፃን ሸክሜን ያሸከምኋት ግን እኔ ነኝ» አሉን።

ከፈቃደኞቻችን መካከል አንድ ቅን ወጣት አለ፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ለሽማግሌ ከመቀመጫው የሚነሣ። ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወዲያውም ወንበሩን ስቦ፣ ማውሱን ከእጃቸው ተቀብሎ፣ ገጹን ከፈተ፤ የይለፍ ቃሉን ጠይቆ አስገባና «ይኸው እማሆይ፣ አዲስ ነገር የለም» አላቸው። ነገሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እርሳቸውም አመስግነው መረቁት። ቦርሳቸውን አንሥተው ሊሄዱ ሲሉ ግን ቀስ ብለው «እንግዲህ ከልጅቱ ወደ አንተ ተዛወርሁ ማለት ነው» አሉ።

ወጣቱን ልገሥጸው አልቻልሁም፤ እኔም የሠራሁት ነውና። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ከደጀን ወጣ ብሎ ወዳለ የገበሬ መንደር ተመደብሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ፊደሉን ለይተዋል፤ ሞፈር ያደነደነው እጃቸው ግን እርሳስ አልታዘዝ አለው። የፈተናው ቀን ቀረበ፤ ከየጣቢያው ያለፉት ሰዎች ቁጥር ይጠየቃል። እኔም እጃቸውን በእጄ ይዤ ስማቸውን ጻፍሁ። የምስክር ወረቀቱን ሲቀበሉ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ማታ እደጃፋቸው ተቀምጠን ሳለ «ልጄ፣ ያ ጽሕፈት የአንተ ነው፤ እኔ ብዕሩን ነው የያዝሁልህ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

ያ ዘመቻ በአገራችን ታሪክ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ላቃልለው አልሻም። ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ ደርሷል ሲል፣ በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ያገኘው ከሩብ ያነሰ ነበር። ጦርነቱም፣ ረኃቡም፣ የሚነበብ ነገር በገጠር አለመገኘቱም የየድርሻቸውን ወስደዋል። ከዚያ ትልቅ ቁጥር ውስጥ አንዱ ግን የእኔ ገበሬ መሆናቸውን ዐውቃለሁ።

ቁጥር እዚህም አልተወንም። የካናዳ መንግሥት በ1995 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት በነፃ የሚያገኝባቸውን ማዕከላት በገንዘብ መደገፍ ጀምሮ ነበር፤ መጀመሪያ ለገጠር፣ ኋላም ለከተሞች። በ2012 ድጎማው ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ሸክም በቤተ መጻሕፍትና በበጎ አድራጊዎች ላይ ወድቋል፤ ለጋሽም ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው አገለገላችሁ?» ብሎ ነው። ፈቃደኛው ራሱ ከሠራላቸው በአንድ ከሰዓት ሃያ ሰው ይስተናገዳል። እጁን ከሰበሰበ ግን አምስት።

ነገሩ የቅንጦት አለመሆኑን ላልተረዳ ሰው የ2023ን መከር ማስታወስ ይበቃል። በጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ የኮምፒዩተር ዘራፊዎች 100 ቅርንጫፎች ያሉትን የቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አጠቁት፤ ከ1960 ጀምሮ ኢስት ዮርክን የሚያገለግለው የኤስ ዋልተር ስቱዋርት ቅርንጫፍም ሳይቀር፣ ለሕዝብ የተዘጋጁት ኮምፒዩተሮች ለወራት ዝም አሉ። በሩ ክፍት ነበር፤ መጻሕፍቱም በመደርደሪያቸው ነበሩ። ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሳይቸገር ሰነበተ። የሥራ ማመልከቻውን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጨርሰው ስደተኛ ግን የሰው ደጅ መጥናት ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። በመጋቢት 2021 የኦንታርዮ መንግሥት ዕድሜያቸው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የክትባት ቀጠሮ በኢንተርኔትና በስልክ ሲከፍት፣ ልጆቻችን ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠው ለአያቶቻቸውም ለጎረቤትም ቀጠሮ ያዙ። ያን ጊዜ «ቆዩ፣ አስቀድመው ማውስ መያዝ ይማሩ» የሚል ቢኖር እንደ እብድ በተቆጠረ ነበር። ጉድጓድ ለወደቀ ሰው ገመድ ይጥሉለታል እንጂ ገመድ መግመድ አያስተምሩትም። ስለዚህ መተካት ሁልጊዜ በደል ነው አልልም። የምለው፣ ቅዳሜ ሁሉ ጉድጓድ አይደለም ነው። እኛ ግን የምንቸኩለው ተረጂው ስለ ቸኮለ ሳይሆን የእርሱን መንቀርፈፍ ማየት ስለማንችል ነው፤ ትዕግሥት ማጣታችንን ርኅራኄ ብለን እንጠራዋለን።

የቀድሞ መምህሮቻችን ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን በዜማ ይወርደዋል፤ ዜማው ግን አፉን ይዞ እንደሚሄድ፣ ዓይኑ ሳያይ ምላሱ እንደሚያነብ የኔታ አይጠፋቸውም። ስለዚህ አቡጊዳን ያመጡበታል፤ ፊደሉ በሌላ ሥርዓት ተሰልፎ ሲቆም የሸመደደውና የለየው ይታወቃሉ። ስንደዶውን የሚይዘውም ልጁ ራሱ ነው። እኔ ዲማ ቅኔ ቤት ከመግባቴ በፊት ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ዓይናቸው የደከመ ነበር፤ ጣቴን ተክተው ሊያመለክቱልኝ ቢሹም ባልቻሉ፤ ዛሬ ሳስበው ያ ድካማቸው ሳይጠቅመኝ አልቀረም።

ኪቦርዱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ገብቷል፤ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚመታው በላቲን ፊደል እያሰማ ነው። «ለ»ን ለመጻፍ የላቲኑ ፊደል ሲመታ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ሳድሱ «ል» ነው፤ አናባቢው ሲከተለው ወደ ግእዙ ይመለሳል። በክፍላችን የሚማሩ አንድ መሪጌታ ይህን አይተው «ሳድስን በግእዝ ላይ ማን ሾመው?» ብለው አስቀውናል። ከሣቁ በስተጀርባ ያለው ግን አያስቅም፤ ድጓ ያስመሰከረ ሊቅ የላቲን ፊደል ስላልለየ በዚያ ወንበር ላይ መሃይም ሆኖ ይቀመጣል። እጁን ይዞ መጻፍ ለእንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ ውርደት ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የወገናችንን የጃንደረባውን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። በዚህ ዓመት ሳነበው ግን ቀድሞ ያላስተዋልሁት ነገር ታየኝ። ፊልጶስ መጀመሪያ ጠየቀ፤ ወደ ሠረገላውም የወጣው ተለምኖ ነው፤ ከወጣም በኋላ አጠገቡ ተቀመጠ። መጽሐፉን ከእጁ እንደ ወሰደበት የሚናገር ቃል የለም። ፊልጶስ ከዓይኑ በተሰወረ ጊዜም ጃንደረባው መንገዱን በደስታ ቀጠለ።

በክፍላችን ከብዙ ክርክር በኋላ ሁለት ነገር ለወጥን። ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ ያለው ሰው በአንድ ጠረጴዛ ይስተናገዳል፤ እዚያ ፈቃደኛው ይሠራለታል። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ግን ፈቃደኛው እጁን ከኋላው ያጣምራል፤ በአፉ ብቻ ይረዳል። ለለጋሾች የምንልከው ቅጽም ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ የተሠራላቸው፣ ሁለተኛው ራሳቸው የሠሩ። ሁለተኛው ዓምድ ትንሽ ነው። የሚቀየም ቢኖር ይቀየም።

እማሆይ አልቀሩም። ስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀሰውን ቀስት ለመያዝ ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጀባቸው። ወጣቱ እጁን አጣምሮ ሲቆም ላብ ሲያጠምቀው አየሁ፤ ከእርሳቸው ይልቅ እርሱ የበለጠ የተማረ ይመስለኛል። ከትንሣኤ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ የእርሱ ፈተና ስለ ነበር አጠገባቸው የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። ገጹን አገኙት፤ ስማቸውን ፊደል በፊደል አስገቡ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደባቸው። የይለፍ ቃሉ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የረሱ መስሎኝ ጎንበስ አልሁ።

«አልረሳሁም» አሉ፤ «አዲስ ነው፤ ልጅቱም አታውቀውም። አንተም ዞር በልልኝ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።