የመጻተኛው ቃርሚያ

አማርኛ ከሌላ ቦታ የመጣን ሰው በሁለት የተራራቁ ስሞች ይጠራዋል፦ እንግዳ እና መጤ። የወልድያ፣ የደብረ ታቦርና የላሊበላ መንገዶች በሚገናኙባት በጋሸና ዙሪያ፣ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይባላል። እግሩ በሞቀ ውኃ ይታጠባል፤ ብርድ ነውና ከምድጃው አጠገብ መደብ ይለቀቅለታል። ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ይኸው ሰው ግን ሳይመለስ ቢቀር፣ መሬት ቢይዝ፣ ጎጆ ቢቀልስ፣ ስሙ ወደ መጤ ይዞራል። አነጋገሩን ይታዘቡበታል፤ አለባበሱና ለቅሶ አደራረሱ ይታያል። እዚህ ላይ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ጥያቄ ይነሣል፦ ሰው የሚገባውን ለማግኘት የአገሬውን ሰው መምሰል አለበትን?

የኦሪት መልስ ግልጽ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 መጻተኛው እንደ አገር ተወላጅ እንዲታይና እንደ ራስ እንዲወደድ ሲያዝዝ፣ ምክንያት አድርጎ ያቀረበው የመጻተኛውን ጠባይ ወይም ቋንቋ አይደለም። ምክንያቱ እስራኤል ራሳቸው በግብፅ መጻተኞች የነበሩ መሆናቸው ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ አጫጁ የእርሻውን ዳርቻ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል።

የመጽሐፈ ሩት ታሪክ በዚህ ሕግ ላይ የቆመ ነው። ሩት የአማቷን የኑኃሚንን ሕዝብ ሕዝቧ፣ አምላኳንም አምላኳ አድርጋ ተቀበለች፤ ከዚህ በላይ መመሳሰል የለም። ሆኖም የእርሻው ባለቤት ቦዔዝ በሽማግሌዎች ፊት ሚስት አድርጎ ሲወስዳት እንኳ ስሟ «ሞዓባዊቱ» ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ገብስ በሚታጨድበት ወራት ከአጫጆቹ ኋላ የለቀመችው ቃርሚያ በሕግ የተገባት ነበር፤ ያላማረ አነጋገር ቢኖራት እንኳ አይቀርባትም። ጋብቻው ደግሞ ከታማኝነቷና ከቦዔዝ ፍቅር የመጣ ነው። ዝምድና በመቀራረብ፣ በመግባባትና በጊዜ ይገኛል፤ ማንም ማንንም ሊያስገድድበት አይችልም። ፍትሕ፣ ደመወዝና የሕይወት ዋስትና ግን ቃርሚያ ናቸው። ሁለቱን ያደባለቀ ማኅበረሰብ፣ በፍቅር ሊሰጥ የሚገባውን በግድ ይጠይቃል፤ በሕግ የሚገባውን ደግሞ እንደ ስጦታ ይቆጥራል።

በቋንቋ ሰውን መለየት የት እንደሚያደርስ መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 12 ይተርካል። በዮርዳኖስ መሻገሪያ «ሺቦሌት» ማለት አቅቷቸው «ሲቦሌት» ያሉ ኤፍሬማውያን ታረዱ፤ በዚያ ጦርነት ከኤፍሬም ወገን የወደቁት 42,000 ነበሩ። አንዲት ፊደል መታወቂያ ሆነች።

የላሊበላ አገር ላስታ ይህን ጉዳይ ከሁለቱም ወገን ያውቀዋል። የዛጉዌ ነገሥታት አገር የአገው አገር ነበር፤ የአገው ቋንቋ የሆነው ኽምጣንጛ ዛሬም በዋግ ይነገራል፤ በላስታ ግን በብዙ ትውልድ ውስጥ ለአማርኛ ቦታውን ለቋል። በአማርኛው የሚኮራ ላስቴ፣ ከአያቶቹ ብዙዎቹ ይህንኑ ቋንቋ ተምረው ያገኙት እንደነበር ቢያስታውስ መጤውን በአነጋገሩ ለመናቅ ድፍረት አያገኝም።

ከዚያ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። ደርግ ላስታ ካለበት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አሰፈረ። በመተከል፣ በፓዌ፣ መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ መንደር 7፣ መንደር 12 እየተባሉ በቁጥር ተጠሩ። እዚያ መጤው የወሎ ገበሬ ነበር፤ መሬቱ ሳይጠየቅ የተወሰደበት ደግሞ የጉሙዝ ሕዝብ ነው፤ እርሱም የተበደለ ባለአገር ነበር። ሰፋሪው የጉሙዝን ቋንቋ ለመማር የተገደደበት ነገር አልነበረም፤ የመንግሥት ሥራ የሚሠራው በራሱ ቋንቋ ነበርና። ዘመኑ ሲለወጥ ጥያቄው ተገልብጦ መጣ። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ መተከልን ባቀፈው በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የነባር ብሔረሰቦችን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት የታገዱ ሰዎች አቤት አሉ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን፣ ማወቅ ይበቃል ሲል ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነው። ነገር ግን ጎረቤትን በቋንቋው «እንዴት አደርክ» ማለት በምክር ቤት ውሳኔ አይመጣም፤ ያ የጋብቻው ወገን ነው፤ የሰፋሪውም ዕዳ ነበር። ስለ ቃርሚያው ወገን ሕገ መንግሥቱ አስቀድሞ ተናግሯል፤ አንቀጽ 20 የችሎቱ ቋንቋ የማይገባው ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዝዛል።

ዛሬ የወሎ ልጅ በጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕርን እየተሻገረ ሳዑዲ ዐረቢያ ይገባል። ለቤት ሠራተኝነት በአውሮፕላን ከሚሄዱት ክርስቲያን ሴቶች መካከል፣ ፓስፖርታቸው ላይ የእስልምና ስም አስጽፈው ሒጃብ የሚለብሱ አሉ። ከክርስትና ጀምሮ ከአንገት ያልወረደው ማተብ ይፈታል። እምነቱን በፈቃዱ የለወጠ ሰው ሌላ ነው፤ ለእንጀራ ብሎ ስሙን የደበቀ ሰው ግን ቃርሚያውን በነፍሱ እየገዛ ነው፤ ይህን ዋጋ የሚያስከፍል አሠራር ግፍ ነው። ዋጋው ተከፍሎም ዋስትና አይገኝም፤ ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ነውና። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመለሱ፤ ዐረብኛ አቀላጥፈው የሚናገሩት ከማይናገሩት ጋር በአንድ አውሮፕላን መጡ።