መሸከምም በሰው ነው

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» አያቴ ይህን ያለችኝ በ1993 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ በእጄ እያስያዘችኝ ነው። ትርጉሙን አላብራራችልኝም፤ ማብራሪያም አያስፈልገውም ነበር። ሰው አገር የሄደ ሰው ክብሩን አጠፍ አድርጎ ይይዛል፤ የሰጡትን ይሠራል፣ የመሩትን ይከተላል፣ መመለሻው ቀን እስኪደርስ ይችላል። አባይ በረሃን ወርጄ ስወጣ፣ ማታ አውቶቡስ ተራ ደርሼ ከሻንጣዬ ጋር ስቆም፣ በአእምሮዬ ያለው ይኸው ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ያህልም ሳልጠራጠረው ኖሬያለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። የወጣት ድምፅ ነው። ከማርቆስ ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ከሦስት ያገሩ ልጆች ጋር በደባልነት አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ስልኬን የሰጠው እዚያው ማርቆስ ያለ የድሮ ጓደኛዬ ነው። አንድ የጥበቃ ድርጅት ሊቀጥረው ተስማምቷል፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተያዥ። «ጋሼ፣ ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም» አለኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ያልፈለገ ሰው የዚህን ቃል ክብደት ላያውቀው ይችላል። ለጥበቃ፣ ለሾፌር፣ ለገንዘብ ያዥ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የሚወጣ ማስታወቂያ ትምህርቱንና ልምዱን ዘርዝሮ ሲያበቃ «አስተማማኝ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ብሎ ይጨርሳል። ተያዡ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ፣ የመታወቂያውን ቅጂ አያይዞ ይፈርማል። ተቀጣሪው ንብረት ይዞ ቢሰወር የሚጠየቀው እሱ ነው። አሁን አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ መጥቷል፤ የጣት አሻራንና የዓይን ብሌንን ይመዘግባል፤ ልጁም አውጥቶ ነበር የመጣው። ያ ቁጥር ማን እንደሆነ ይናገርለታል። ይታመናል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን አሁንም ሰው ያስፈልጋል።

እኔም «እስቲ ላስብበት» አልሁት። በእኛ አነጋገር ይህ ቃል ለስለስ ያለ እምቢታ ነው፤ ልጁም እንደዚያ እንደተረዳው ከዝምታው አወቅሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ለራሴ የምነግረው ምክንያት አላጣሁም፦ አላውቀውም፣ ልጆች አሉኝ፣ ዘመኑ ክፉ ነው።

እሱ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ምን ሲያደርግ እንደከረመ የሰማሁት በኋላ ነው። አንድ ሌሊት ተነሥቶ አትክልት ተራ ሄዷል። መጀመሪያ የሄደው ፒያሳ ነበር፤ ስሙን የነገሩት ሰዎች ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት መዛወሩን አልነገሩትም። አዲስ አበባ እንዲህ ናት፤ ስሙን ከቦታው ነጥላ የምታኖረው ብዙ ነገር አላት። በማግስቱ ሌሊት ኃይሌ ጋርመንት ደረሰ። ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች ተደርድረዋል። ወጣት ነው፣ ጉልበት አለው፣ ዋጋ አይከራከርም። ከአንዱ መኪና ሥር ገብቶ ትከሻውን ሲያዘጋጅ ከለከሉት። ጫኝና አውራጅ የተደራጀ ነው፤ የራሱ ማኅበር፣ የራሱ ተራ አለው። ማን አመጣህ? አሉት። ማንም አላመጣውም። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «መሸከምም በሰው ነው ጋሼ» አለኝ።

ከአያቴ ተረት ጋር የተጣላሁት ያን ጊዜ ነው።

ተረቱ የሚፈራው ሸክም እንዳይበዛ ነው። «ቢጭኑት» ይላል፤ ጫኙን ግን በስሙ አይጠራም። «እነሱ» የሚለው በግሱ ውስጥ ተደብቋል። ጫኝ መኖሩን ተረቱ አንድ ጊዜም አልተጠራጠረም፤ እንግዳውን የሚያይ፣ ወደ እሱ የሚሄድ፣ ገመድም ልጓምም ይዞ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ አምኖ ነው የሚነሣው። የተፈጠረበት አገር እንደዚያ ስለነበረ ነው። በገጠር መንደር መንገደኛ ገና በሩቁ ይታያል። ውሻው ይጮኻል፣ ሕፃናት ይሮጣሉ፣ አንድ ሽማግሌ ይወጡና «ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ማታ እግሩን ይታጠባል፤ ከሰነበተ እርሻ ላይ ይሰለፋል። ያ ሰው ይጫን ይሆናል፤ ሳይታይ ግን አያድርም።

በአንጻሩ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መገናኛ ታክሲ ለመያዝ ከተሰለፈው ሕዝብ መካከል ትናንት የመጣውን ማን ይለየዋል? ከተማዋ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ብቻ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር ተጨምሯል። ወያላው የሚጠይቀው ወዴት እንደሚሄድ ነው። ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው የለም። የታላቅ ከተማ የመጀመሪያ ሐዘን ሸክም መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚጭን ሰው ማጣት ከሸክም ይቀድማል።

እኔ ራሴ ስመጣ ያረፍኩት ኮልፌ አጎቴ ቤት ነበር። ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ ተነጥፎልኝ አድር ነበር። ጠዋት ውሃ እቀዳለሁ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ወፍጮ ቤት እላካለሁ፤ ማታ እንግዳ ከመጣ ፍራሼ የሚነጠፈው እንግዳው ሲሄድ ነው። በዚያን ጊዜ አያቴ ልክ ናት እያልኩ ውስጥ ውስጡን አለቅስ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ነገር አስታውሳለሁ። በሦስተኛው ወር ባለሱቁ «ያ የነሱ ቤት ልጅ» ብሎ ዱቤ ሰጠኝ። ወፍጮ ቤቱ ያውቀኛል፣ የልጆቹ መምህር ታውቀኛለች። ሰፈሩ ያወቀኝ ያንን ሸክም ተሸክሜ ሲያየኝ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ሳገኝ አጎቴ ተያዥ ሆኖ ፈረመልኝ። ላስብበት አላለኝም።

ይህን ስል የሁሉንም ዘመድ ሸክም እያመሰገንኩ አይደለም። «ላስተምርሽ» ተብላ ከገጠር መጥታ ደብተር ሳትገዛላት ወጥ ቤት ውስጥ ያደገችን ልጅ አውቃለሁ፤ የእሷ ብጤ በየሰፈሩ አለች። ተረቱ ሰው አገር ይላል እንጂ በዘመድ ቤት አህያ ስለሆነች ልጅ አይናገርም። የእሷን ጀርባ ያጎበጠው ገመድ የራሷ ወገን ያሰረው ነው። ዓረብ አገር ለሄዱ እህቶቻችን ደግሞ ተረቱ ቃል በቃል ይሠራል። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ነው፤ ልጓሙ በሕግ የተሠራ ነው። እዚያ ላይ ከአያቴ ጋር ክርክር የለኝም።

ልጓም ካልኩ ስለ ፈረሱም አንድ ነገር ልበል። አህያው ይገባኛል። ፈረስ ግን በእኛ ዘንድ የክብር እንስሳ ነው፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኛቸው የፈረሳቸው ስም ነው። ተረቱ ፈረሱን ያመጣው ለማመስገን እንዳልሆነ የገባኝ በሥራ ቦታ ነው። ከተማ ውስጥ ሹመት ያገኘ፣ መኪና የተሰጠው፣ ግን አንድ ቀን እንኳ በራሱ ሐሳብ ያልታጠፈ ሰው አይቻለሁ። ይህቺን ግማሽ ስንኝ የፈጠረው ሰው ይህን ከስንት ዘመን በፊት ማየቱ ያስደንቀኛል።

የምቀየመው «አገሩ እስኪመለስ» በምትለዋ ነው። አንደኛ፣ አብዛኛው አይመለስም። አዲስ አበባ ራሷ ባልተመለሱ ሰዎች የተሠራች ናት። በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ዳር ወርዶ እቴጌ ጣይቱ ስም ሲያወጡላት የከተማዋ ተወላጅ ነኝ የሚል ስንት ሰው ነበር? ጎፋ ሰፈር፣ ወሎ ሰፈር፣ ጎጃም በረንዳ፣ ሽሮ ሜዳ ያለው ዶርዜ ሰፈር የሚሉት ስሞች የመጡ ሰዎች አሻራ ናቸው። እነዚያ ሰዎች እስክንመለስ እንቻል ብለው አልተቀመጡም። ሸማኔው ያገሩን ልጅ አስጠግቶ ሽመና አስተማረው፤ ጉራጌው መርካቶ ውስጥ ለአዲስ መጤ ወንድሙ በዕቁብ መነሻ አበጀለት። ዕድር የሚባለውን ትልቅ ነገርም ከተማ ያሳደገው ዘመዱ በሩቅ የቀረ ሰው የሚቀብረው እንዳያጣ ብሎ ነው። የምኖርበት የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ዕጣ ደርሶን ስንገባ አንዳችን አንዳችንን አናውቅም ነበር። መጀመሪያ ያቋቋምነው ዕድር ነው። ውሃ ሳይገባልን፣ አሳንሰር በሌለው አራተኛ ፎቅ ጀሪካን እየተሸከምን፣ ድንኳንና ወንበር ገዛን።

ሁለተኛ፣ የተመለሰውም አይወርድለትም። አያቴ ስታርፍ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ያደግሁበት በር ላይ «የአዲስ አበባው መጣ» ተባልሁ። የሚያለቅስልኝም የሚጠይቀኝም ተራ ያዘ፤ አንዱ ልጁን ሥራ አስገባልኝ ይላል፣ አንዷ የመድኃኒት ገንዘብ ትላለች። አልጠላኋቸውም፤ የሚገባቸውን ነው የጠየቁኝ። ግን ተረቱ የሸክም ማራገፊያ አድርጎ የሰጠኝ ቦታ ላይ ቆሜ አዲስ ጭነት ሲታሰርልኝ ተሰማኝ። የመመለሻው ቀን የሸክሙ ማብቂያ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን አራግፌ በተመለስኩ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ለልጁ ደወልኩና ድርጅቱ ቢሮ ተገናኘን። ከዚያ በፊት ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ገልጬ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በቁጥር 1922 ላይ ዋስ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። የቀረበልኝ ቅጽ ግን ልጁ ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ተጠያቂ ነኝ ይላል፤ የገንዘብ ቦታ የለውም። እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ አለቃዋን ጠየቀች፤ አለቃዋ ወጥቶ አየኝ፤ በመጨረሻ መጠኑ በፊደልም በአኃዝም ተጻፈ። ዘጠኝ ቀን ያስጨነቀኝ ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር የአምስት ወር ደመወዜን እንኳ አያክልም ነበር። መጠኑ ሳይታወቅ ነው ሸክም የሚያስፈራው። ሦስት ቅጂ ላይ ፈረምኩ። ልጁ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ እጁ ላይ የሽንኩርት ጆንያ የላጠው ቁስል ገና አልሻረም። ከስንት ልመና በኋላ አንድ ሌሊት ከአንድ ደላላ መኪና ላይ አውርዶ ነበር።

ማታ ለእናቴ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ሕጉም፣ ስለ ቅጹም፣ ስለ ተጻፈው ገንዘብም ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ሦስት ወረቀት ላይ ስሙን እስከ አያቱ አንብቤዋለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም። የእናቴን ስልክ ዘግቼ ለእሱ ደወልኩ። አነሣው፤ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ጫጫታው ይሰማል። ይቅርታ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅህ ቀርቼ ነው አልሁት። የማን ልጅ ነህ?

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ጀመረ። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ በእናቱ በኩል ያሉትን ጠራ፣ የደብራቸውን ታቦት ጠራ፣ ቤታቸው ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደሆነ ነገረኝ። ከአጠገቡ አንድ ሰው «ወራጅ አለ» ብሎ ጮኸ፤ እሱ ግን ገና ቅድመ አያቱ ጋ ነበር።